ጥላችን ይቆጠርልን፦ ለባሕር ዳር ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የከተማችንን ሙቀትና የዛፎቻችንን ጥላ ይመለከታል

ክቡር ከንቲባ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ በዚህችው ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሽምብጥ ነው፤ አሁን የምኖረው ዓባይ ማዶ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ዛፍ ነው።

ከሰፈራችን ወደ ዋናው አስፋልት ሲወጡ ትልቅ ዋርካ አለ። አዛውንቶቹ «እኛ ልጆች ሆነንም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። ሥሩ ቡና የምታፈላ እናት አለች። ሁለት ሊስትሮዎች አሉ። የባጃጅ ሹፌሮች ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው አቁመው አረፍ ይላሉ። ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሱ የገጠር ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ትንፋሽ የሚሰበስቡት እዚያ ነው። ባለፈው ሳምንት ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደርጎበት አገኘሁት። ቀይ ኤክስ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር ልጅ አዋቂው ያውቃል።

የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። መንገዱ ይሰፋል ተብሏል፤ መንገድ ደግሞ ያስፈልገናል። ልመናዬ ሌላ ነው። ዛፉ ከመውደቁ በፊት ምን ሥራ እየሠራ እንደሆነ ይታይልን።

ከተማችን ያለችበትን ጊዜ አልዘነጋሁም። የሰላም ጉዳይ አለ። የኑሮ ውድነት አለ። የውኃና የመብራት ነገር አለ። «በዚህ ሁሉ መካከል የዛፍ ወሬ ምን ይሠራል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን አንድ ዋርካ ለመጣል ግማሽ ቀን ይበቃል። እሱን የሚያህል ጥላ መልሶ ለማግኘት የሰው ግማሽ ዕድሜ ያስፈልጋል። ነገ ጊዜው ሲሻሻል እንጽፋለን ብንል የምንጽፍለት ዛፍ አይኖርም።

ስለ እናቴ ልንገርዎት። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሽምብጥ የነበረው ቤታችን የጭቃ ቤት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግን ኮርኒስ ነበረው፤ ከላዩ ደግሞ የማንጎ ዛፍ ተንተርሶበት ነበር። ግቢው ውስጥ ጌሾ፣ ሎሚና ጥቂት የቡና እግር ነበረን። አሁን ያለንበት ቤት የብሎኬት ነው። መምህራን በማኅበር ተደራጅተን ባገኘነው ቦታ ላይ የሠራነው ነው። ጭቃው ሲሰለቸን ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ አለበስነው። ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው አደረጉ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ እናቴ ማታ ማታ መዳፏን ግድግዳው ላይ እያሳረፈች «ይኸ ቤት ትኩሳት ይዞታል» ማለት ጀመረች። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው የምልዎት። ፀሐይ ከገባች ሁለት ሰዓት አልፏታል። ደጁ ቀዝቀዝ ብሏል። ግድግዳው ግን ገና ይሞቃል። መስኮት እንዳንከፍት ትንኙ አለ። ደግሞ የወባ ነገር እዚህ ጣና ዳር ቀልድ አይደለም። ትንኟ ውስጥ ያለው የወባ ተውሳክ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ቶሎ ይጎለምሳል። በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ገደማ የሚፈጅበት በ25 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይደርሳል። ስለዚህ መስኮቱን እንዘጋለን፤ ሌሊቱን ሁሉ ግድግዳው ከቀኑ የጠጣውን ፀሐይ እየመለሰልን እንተኛለን።

የእናቴ መዳፍ ትክክል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ መሬት ላይ ስታርፍ ከፊሉ ብርሃን ተንጸባርቆ ይመለሳል። ከፊሉ መሬቱን ራሱን ያሞቃል። ከፊሉ ከላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። ውኃ ካለ ደግሞ ከፊሉ ውኃውን በማትነን ያልቃል። ይኸ የመጨረሻው ነው የሰፈርን ሙቀት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው። አንድ ሊትር የቧንቧ ውኃ ጥደው እስኪፈላ የሚፈጀውን እሳት ያስቡ። በባሕር ዳር ከፍታ፣ 1,800 ሜትር ላይ፣ ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ያንኑ አንድ ሊትር ከቅጠል ላይ አትንኖ ለመጨረስ ግን ሰባት እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚወሰደው ከአካባቢው ነው።

ትልቅ ዛፍ፣ ሥሩ ውኃ ካገኘ፣ በአንድ ቀን 100 ሊትርና ከዚያ በላይ በቅጠሉ ሊያተን ይችላል። ይህን ከተማሪዎቼ ጋር ሰሌዳ ላይ አስልተነዋል። 100 ሊትር ለማትነን 68 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሃያ ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ቢበራ የሚያወጣው ሙቀት ማለት ነው። ዛፉ ይህን ያህል ሙቀት ከሰፈር ላይ ያነሳል፤ ያውም ማንም ሳይከፍለው። ልጆቹ መልሱ ሲወጣ ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዷ «መምህር፣ ታዲያ ለምን ይቆርጡታል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ከእርስዎ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው ደብዳቤውን የጀመርኩት።

አስፋልት የዚህ ተቃራኒ ነው። አዲስ ጥቁር አስፋልት ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ አምስት እጅ ያህሉን ብቻ ነው። የሚያተነው ውኃ የለውም። አየሩ 30 ዲግሪ በሆነበት ጠራራ ቀን ገጹ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሲሚንቶና ኮብልስቶን ቀለማቸው ፈካ ስለሚል በመጠኑ ይሻላሉ፤ ግን እነሱም ሙቀቱን ውጠው ለማታ ያቆዩታል። ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ማታ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀን ግን፣ በተለይ ሲዝግ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ሲቀባ፣ ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል። እኔ የማስተምርበት ክፍል ኮርኒስ የለውም። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ራሳቸውን በደብተር እያራገቡ ነው የሚጨርሱት። ጎበዞቹም ያንቀላፋሉ። አልቆጣቸውም።

ሬዲዮ «የባሕር ዳር ከፍተኛ ሙቀት 29 ዲግሪ ነው» ሲል የተለካው አየሩ ነው። ቴርሞሜትሩ የተቀመጠው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ በጥላ ነው። እንደዚያ መሆኑ ትክክል ነው፤ የዓለም ሕግ ነው። ግን ሊስትሮው የተቀመጠበት አስፋልት በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። የእናቴ ግድግዳም የለም። ልጆች ደግሞ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ከእኛ ይልቅ ለጋለው መሬት ይቀርባሉ። ሰው የሚኖረው በሣጥኑ ውስጥ ባለው አየርና በሚረግጠው መሬት መካከል ነው። ሁለቱም መለካት አለባቸው።

መሬቱን ለመለካት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምድርን ገጽ ሙቀት የሚያሳይ ምስል ሲያነሱ ኖረዋል። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ምስሉ ለማንም በነፃ ይሰጣል። አንዱ ሳተላይት በየ16 ቀኑ በላያችን ያልፋል፤ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ። ክረምት ላይ ደመናው ይጋርደዋል። በበጋ ግን ሰማያችን ጥርት ያለ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ ይህን ምስል ማንበብ የሚችሉ መምህራንና ተማሪዎች አሉት። ከአርባ ዓመት በፊት የነበረችውን ባሕር ዳር ከዛሬዋ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ሰፈር እንደጋለ ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማስጠንቀቅ አለብኝ። ይህ ምስል ሰው ሊያሳስት ይችላል። በሚያዝያ ከከተማው ውጪ ያለ የታረሰ ደረቅ ማሳ በጠዋቱ ምስል ከከተማው መካከል በልጦ ቀልቶ ሊታይ ይችላል። ደረቅ አፈር ቶሎ ይግላል። ከተማው ውስጥ ደግሞ ዛፍና የግቢ አትክልት አለ። ይህን ያየ ባለሙያ መጥቶ «እንግዲህ ከተማው ከገጠሩ ይቀዘቅዛል፤ ሥጋት የለም» ሊልዎት ይችላል። ያኔ ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። ሌሊቱስ እንዴት ነው? ማሳው ፀሐይ ስትገባ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ብሎኬቱ ግን ይዞ ያመሻል። ሌላው ጥያቄ ይበልጣል። ከተማውን ያቀዘቀዘው ማን ነው? ሕንፃው ነው ወይስ ቀይ ቀለም የተቀባው ዛፍ?

ባሕር ዳርን ባሕር ዳር ያደረጋት ጥላዋ ነው። ከሌላ ከተማ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚናገረው ስለ መንገዶቿ ስፋትና ስለ ዛፎቿ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ «የሰላም ከተሞች» የሚለውን ሽልማት ሲሰጣት አንዱ ምክንያት ፈጣን እድገቷን በመልክ በመልኩ ለመያዝ መቻሏ ነበር። እኛ ያኔ ኮርተን ነበር። እድገቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልቆመም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከተማው ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ 96 ሺህ ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ሲቆጠር 180 ሺህ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ግን ዓይናችን ያያል። በዘንዘልማ በኩል ቢሄዱ፣ በመሸንቲ በኩል ቢሄዱ፣ ጤፍና ዳጉሳ ይዘራበት የነበረው መሬት ላይ ብሎኬት ተደርድሯል።

ማደጉን የምቃወም እንዳይመስልዎት። እኔ ራሴ ማሳ ከነበረ መሬት ላይ ነው የምኖረው። ነገር ግን ማሳው ላይ ቤት ስንሠራ ዛፍ ሳንተክል፣ ግቢውን ሲሚንቶ አልብሰን፣ ቆርቆሮውን ከቆርቆሮ ካጋጠምነው፣ ቀን የማሳውን ግለት፣ ማታ ደግሞ የብሎኬቱን ግለት ደርበን እንወርሳለን። አዲሶቹ ሰፈሮች ያሉት እዚህ መንታ መንገድ ላይ ነው። ቦታ ሲመራ፣ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ከእያንዳንዱ ግቢ የተወሰነ ክፍል ሲሚንቶ ሳይለብስ እንዲቀር ቢደረግ፣ በር ላይም አንድ ዛፍ የግድ ቢሆን፣ ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ይሆናል። እኛን ያኔ እንዲህ ያለን ሰው ቢኖር ግቢያችንን ሙሉ በሙሉ ባልደፈንነው ነበር።

«ጣና አለን እኮ፤ ምን ሙቀት ያስፈራናል?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እውነት ነው፤ ጣና ትልቅ በረከት ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውኃ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ከደረቅ መሬት ይዘገያል። ቀን ከተማው ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ በእሱ ቦታ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ከሰዓት በኋላ ሽምብጥ ላይ ደጃችን ስንቀመጥ ፊታችንን የሚዳስሰን ነፋስ እሱ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ የምትናፍቀው ያንን ነፋስ ነው። ከተማችን በሐይቁ ደቡብ ዳር ስለሆነች ነፋሱ ከሰሜን ነው የሚገባው። የሚገባውም ወደ ሐይቁ በሚያቀኑት መንገዶችና በባዶዎቹ ቦታዎች በኩል ነው። ዳርቻው ላይ ረጃጅም ሕንፃ ጎን ለጎን ተያይዞ ከቆመ ነፋሱ ይዘጋል። ፊት ያለው ሆቴል ሐይቁንም ነፋሱንም ያገኛል። ከጀርባው ያለው ሰፈር ጣና ዳር እየኖረ ጣና የሌለው ይሆናል።

ስለዚህ ዳርቻው ላይ ለሚሠራ ነገር ፈቃድ ሲሰጥ በሕንፃና በሕንፃ መካከል የነፋስ መግቢያ ይተውልን። መንገዶቹ እስከ ውኃው ድረስ ክፍት ይሁኑ። ለእግረኛ ክፍት የሆነ ለነፋስም ክፍት ነው። ረግረጉና ደንገሉም እንዲሁ ይጠበቅልን። ደንገል ታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ በጋውን ሙሉ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚያተን ተክል ነው። ከከተማው የሚወርደውን ጎርፍ የሚያጣራውም እሱ ነው። ደንገሉ ተነሥቶ አፈር ሲደፋበት ጭቃውና ቆሻሻው በቀጥታ ጣና ይገባል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሚያስጨንቀን እምቦጭም የሚደልበው በዚሁ ነው። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ምዝገባ የዳርቻ ፈቃድ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ትዝ እንዲል እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዛፉ ልመለስ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት ሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያኔ ሕንፃ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ጥላው እግሩ ሥር ይገባል። አሥር ፎቅ ቢሆንም ያው ነው። ሰው ማስጠለል የሚችለው ከራስ በላይ የተዘረጋ ነገር ብቻ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቀው ወራት ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ቅርንጫፉን የዘረጋ ዛፍ ማስዋቢያ አይደለም። እንደ ውኃ መስመር፣ እንደ መብራት ምሰሶ የሚቆጠር ነገር ነው።

የኮሪደር ሥራው ለእግረኛና ለብስክሌት ሰፊ መንገድ እየሰጠ መሆኑ ደስ ይለኛል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ልጅ ሆነን ሁላችንም በኪራይ ብስክሌት ነው ያደግነው። ግን ለብስክሌተኛ ከአስፋልቱ ልስላሴ እኩል ጥላው ያስፈልገዋል። ዘንባባ የከተማችን መልክ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም የዘንባባ ጥላ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው በቅጡ አያስቀምጥም። ሣር ደግሞ ውኃ ካልጠጣ በየካቲት ይደርቃል። ከዘንባባው ጎን ዋንዛ፣ ሾላ፣ ዋርካ ይግቡበት። ሥራቸው ጠልቆ ውኃ ይፈልጋል፤ ሣሩ በደረቀበት በሚያዝያ እነሱ አረንጓዴ ናቸው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። በእግሬ ስሻገረው ኩራት ይሰማኛል። ድልድዩ ላይ ዋርካ አይተከልም። በሁለቱም ጫፍ ግን ሰው ገና ሳይሻገርና ተሻግሮ ሲጨርስ የሚያርፍበት ጥላ ሊኖር ይችላል። እናቴን ይዤ ስሻገር ይኸ ነው የሚታየኝ።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ወጥቻለሁ፤ ዘንድሮም እወጣለሁ። የተተከለው ይቆጠራል፤ በዜና ይነገራል። የተቆረጠው ጥላ ግን ሲቆጠር ሰምቼ አላውቅም። አንድ ዋርካ ቆርጠን መቶ ችግኝ ብንተክል በወረቀት አትርፈናል። በመሬቱ ላይ ግን ችግኞቹ እስኪያድጉ ድረስ ቡና የምታፈላዋ እናት ጃንጥላ ይዛ ነው የምትቀመጠው። ጃንጥላ ደግሞ ብርሃኑን ይከላከላል እንጂ ውኃ አያተንም።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸ ነው። ከተማው ውስጥ ያሉ ትልልቅ ዛፎች በየቀበሌው ይቆጠሩ፤ ቁጥር ይሰጣቸው፤ ካርታ ላይ ይግቡ። ያ መዝገብ እስኪያልቅ ድረስ ትልቅ ዛፍ የሚነካ የመንገድ ንድፍ ሁሉ አንድ ጊዜ ተመልሶ ይታይ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀላል ነው። የእግረኛ መንገዱ ዛፉን ከግራ ከቀኝ አቅፎት ቢያልፍ ይበቃል። የእኛው ዋርካ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው ያለው። መንገዱ ሲሰፋ በእግረኛውና በመኪናው መካከል ሊቆም ይችላል። መሐንዲሱ አንድ ቀን መጥቶ በሜትር ቢለካው ያየዋል።

የሙቀት ካርታውንም ቀደም ብዬ ጠቅሻለሁ። ዩኒቨርሲቲው እንዲሠራው ቢጠየቅና ውጤቱ ለሕዝብ ቢለጠፍ፣ ዛፍ መጀመሪያ የት መተከል እንዳለበት ክርክር አያስፈልግም ነበር። ከሳተላይቱ ሌላ የሌሊቱንም ነገር በየሰፈሩ ቴርሞሜትር አስቀምጦ መለካት ይቻላል። ለዚህ ሥራ ተማሪዎቼን አሰልፋለሁ። በነፃ ነው፤ ደስ እያላቸው ነው የሚሠሩት።

ጣሪያን በተመለከተ የሕንዷ አሕመዳባድ ከተማ ምሳሌ ትሆናለች። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ የድሆች ቤት ጣሪያ በነጭ ኖራ እንዲቀባ ማድረግ ጀመረች። ኖራ እኛም አገር አለ። ከመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ቢጀመር፣ የማስተምራቸው ልጆች ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ይማሩ ነበር። ኮርኒስ ቢጨመርማ ሌላ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚቸኩለው ዋርካው ነው። ሌላው ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እሱ ላይ ያለው ቀለም ግን ደርቋል።

ክቡር ከንቲባ፣ ቢመችዎት በማንኛውም የሥራ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ ዓባይ ማዶ ይምጡ። መኪናውን አስፋልቱ ላይ ያቁሙትና ወደ ዛፉ በእግርዎ ይሂዱ። ከአስፋልቱ ወደ ጥላው ሲገቡ ያለውን ልዩነት ፊትዎ ይነግርዎታል። የቡናዋን ባለቤት ነግሬያታለሁ፤ በርጩማ ይዘጋጃል። መሐንዲሱም አብሮ ቢመጣ፣ ሜትሩን እኔ እይዝለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር የጂኦግራፊ መምህር
ዓባይ ማዶ